የደረቀውም ጉድጓድ ይመዝገብ፦ ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

መቼም ቁፋሮ ቦታ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ኮምፕረሰሩ ጆሮ ያደነቁራል። ከጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ አንድ ልጅ በአካፋ እየተቀበለ በተርታ ይደረድረዋል፤ ለየሜትሩ አንድ ቁልል። መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ግራጫ አመድ፣ ከዚያ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ የሚል ባልጩት። ጂኦሎጂስቱ ጎንበስ ይላል፣ በጣቱ ያሻል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ የኖረው አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ከ200 ሜትር በላይ ቆፍረን ውሃ አገኘን። ሕዝቡ እልል አለ። ውሃው ግን እጅ የሚያቃጥል ነበር፤ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድም ሲለካ ውሃው የሚጠጣ አልሆነም። ጉድጓዱን ከድነን ሄድን። በኋላ ስንሰማ እዚያው አቅራቢያ ከእኛ በፊት ሌላ ድርጅት ቆፍሮ ያው ውሃ ወጥቶለት ነበር። መዝገቡ የአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን እልል ያሉት እናቶች ፊት አሁንም ትዝ ይለኛል።

ይህን የምጽፈው በዚያ መሳቢያ ምክንያት ነው።

አገራችን ካርታ የላትም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የጂኦሎጂ ካርታ ሁለተኛ እትም አለ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ናቸው። መጠናቸው ግን 1፡2,000,000 ነው። አንድ ሚሊሜትር 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በእርሳስ ጫፍ ነካ ስታደርጉት ቀበሌ ተሸፈነ። የ1፡250,000 ካርታዎቹ ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር ለመወሰን አይበቁም።

ስምጥ ሸለቆ ደግሞ በግምት የሚታለፍ ቦታ አይደለም። ሁለት ጉድጓዶች ጥቂት ኪሎ ሜትር ተራርቀው አንዱ የሚጠጣ፣ ሌላው ጥርስ የሚያበልዝ ይሆናል። ምክንያቱ ያው እሳተ ገሞራው ነው። አመዱና ባልጩቱ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ወደ ውሃው ይሟሟል። ውሃው ካልሲየም ቢበዛበት ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ባስቀረው ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ሶዲየም ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ እኛ ጋ ከ10 በላይ የሚለካበት ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። ከጥርስ አልፎ አጥንት ያጎብጣል።

እሳቱም ቢሆን ተኝቶ አያውቅም። በ1998 መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተሰንጥቆ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገባበት። በ2017 ፈንታሌና ዶፋን በተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ አፋር ውስጥ ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ባሉት አሥር ሺህ ዓመታት ፈንድቶ እንደሆነ የሚናገር መዝገብ አልነበረም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ፤ እዚያው አፋር፣ አፍዴራ ላይ የከብቱን ግጦሽ አለበሰው። ሳተላይት ብዙ ነገር ያሳየናል፣ እሰየው። ከሥር ያለውን የውሃ ሙቀት ግን ከላይ ሆኖ አይለካም።

የጉድጓድ መዝገብ ይለካዋል። አንድ ገጽ ላይ የድንጋዩ ዓይነት አለ፣ የውሃው ጥልቀት አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ጨውና ፍሎራይዱ አለ። ሦስት ካርታ፣ የድንጋይ፣ የውሃና የሙቀት፣ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ አንድ ላይ ማለት ነው። ያውም ተከፍሎበት ያለቀ። ያልተሳካው ጉድጓድም ዋጋው ያው ነው፤ እንዲያውም የፈለቀው ጉድጓድ ሪፖርቱም ምርቃቱም ፎቶውም አለው። የሚጠፋው የደረቀውና ሙቅ የወጣው ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ከውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩና ማንም ይቆፍር ማን፣ መንግሥትም ይሁን በጎ አድራጊ ድርጅት ወይም የአበባ እርሻ፣ መዝገቡን ሳያስረክብ የመጨረሻ ክፍያው እንዳይለቀቅ አድርጉ። የተሰበሰበው ለወረዳ የውሃ ባለሙያው ስልክ ላይ ይከፈትለት። ደብዳቤ ጽፎ፣ አዲስ አበባ መጥቶ፣ «ነገ ተመለስ» እንዳይባል። እሱ በሚናገረው ቋንቋ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል፤ አፋርኛም ኦሮምኛም።

ሌላም አለ። ከድነን ጥለናቸው የምንሄደው ሙቅ ጉድጓዶች በከንቱ አይቅሩ። እሳተ ገሞራ አጠገብ ያሉት ጥቂቶቹ የውሃ ከፍታና ሙቀት መለኪያ ይግባባቸው። ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ሲገፋ የጉድጓድ ውሃ ከፍታውና ሙቀቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ብቻውን ትንበያ አይሆንም፤ ከመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያው ጋር ሲታይ ግን ይጠቅማል።

ከሌላው በፊት ከራሴ ልጀምር። የመስክ ደብተሮቼን ስካን አድርጌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። አንዳንዱ ገጽ ጭቃ ነክቶታል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። የት ልላከው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመስክ ጂኦሎጂስት