ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳንቲምሽ ለምን እዚያ ላይ ቆመ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስትደውዪ «አባባ፣ ጌሙ ሳንቲሜን መቁጠር አቆመ፤ 2,147,483,647 ላይ ድርቅ አለ» ብለሽ ተናደሽ ነበር። ላስረዳሽ ስል ቸኮልሽ። በይ እንግዲህ አንብቢው።

ጌሙ አልተበላሸም። ሞላበት እንጂ።

ዛሬ 1 ብር ልስጥሽ፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4፤ እንዲህ እጥፍ እያደረግኩ 31 ቀን ልቀጥል። (የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ አንዷን ከሚቀጥለው እንበደራለን።) ስትደምሪው ልክ 2,147,483,647 ብር ይመጣል። እንዳትጠብቂ፣ ደሞዜን ታውቂዋለሽ።

ኮምፒውተርም የሚቆጥረው በእጥፍ ነው። 31 አምፖል ደርድሪ፤ የመጀመሪያው ሲበራ 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4 ነው። ሁሉም ሲበሩ ያንቺ ቁጥር ይሆናል። 32ኛው አምፖል የተያዘው ለመቀነስ ምልክት ነው። አንድ ሳንቲም ቢጨመር 31ዱም ይጠፉና እሱ ብቻ ይበራል፤ ሀብታሟ ልጄ ባንዴ የ2,147,483,648 ሳንቲም ባለዕዳ ትሆናለች። ሠሪዎቹ ይህን ፈርተው ይመስለኛል እዚያው ያስቆሙት።

እኔ ግን ቁጥሩን የምወደው በሌላ ነው። እናንተ ትምህርት ቤት ፕራይም የምትሉት ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም እኩል አይካፈልም። ይህን በፈረንጆቹ 1772 ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ያኔ ሩሲያ፣ ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ ዓይኑ ማየት አቁሟል ማለት ይቻላል። ካልኩሌተር የለ፣ ምን የለ። 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚያልፍ፣ እስከ 46,340 ድረስ ያሉትን ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ያም ቢሆን ብዙ ነው። እሱ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ቁጥር ቢኖር፣ ለ62 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። በዚህና በሌላ ተመሳሳይ ዘዴ እያጣራ ከ372 የማይበልጡ ሙከራዎች ብቻ ቀሩት። አንዱም አልሠራም። እኔ ሰባት ስምንቱን ሞክሬ ደክሞኝ ተውኩት።

አሁን የሚገርምሽን ልንገርሽ። ብዙ የድሮ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት በእነዚሁ አምፖሎች፣ በሰከንድ ነው፤ ከፈረንጆቹ 1970 የመጀመሪያ ቀን፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ። ሰከንዱ ያንቺ ቁጥር ላይ የሚደርሰው መቼ መሰለሽ? ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት! ካህናቱ ውኃውን ሊባርኩ ሲሉ፣ ያልታደሱት ማሽኖች እንደ ሳንቲምሽ ወደ መቀነስ ይዞሩና ከ1962 ወደ ኋላ ቆጥረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ብለው ቁጭ ይላሉ። አፄ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው። አዳዲሶቹ በ64 አምፖል ስለሚቆጥሩ አይነካቸውም።

እናትሽ ያቺን አሮጌ ኮምፒውተሬን ጣላት እያለች ነው። እባክሽ እስከዚያ ድረስ ደብቂልኝ።

አባትሽ