መብራት ሲመጣ ማሽናችሁ ለምን ይጠብቃል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ነው የከረመው። አብዛኞቻችሁ የምትሉት ተመሳሳይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሽያጭ ማሽኑ "በመጠበቅ ላይ" ይላል፣ የጎረቤት ሱቅ ልኮ ጨርሷል፣ የእኔ ገና ነው፣ "አሁን ላክ" የሚለው ቁልፍ ደግሞ የት ገባ? አንዳንዶቻችሁ "ታዳላላችሁ" እስከማለት ደርሳችኋል። ከአሥር ዓመት በላይ አብረን የሠራን አንድ ደንበኛዬ ደግሞ "ልጄ፣ በእኛ ሽያጭ ሎተሪ ታጫውታለህ እንዴ?" አሉኝ። ተናደው እንጂ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ይህን ያመጣውን አፕዴት (የማሽኑን ፕሮግራም ማሻሻያ) ሳላሳውቃችሁ ስለለቀቅኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለቅዳሜ ገበያ ሁለት ቀን ሲቀረው መልቀቅም አልነበረብኝም። ውሳኔው ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳችሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

በፊት የነበረውን አስታውሱ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ማሽን እኩል ይነሳል፣ ሁሉም ያጠራቀመውን ሽያጭ እኩል ይልካል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ታክሲ ሲመጣ ሰው በሩ ላይ እንዴት እንደሚጋፋ ታውቃላችሁ። ሽያጫችሁን የሚቀበለው ዋናው ኮምፒውተራችን፣ ሰርቨሩ ላይ የሚሆነውም ያው ነበር። 300 ማሽን በአንድ ሰከንድ ሲመጣበት ሰርቨሩ ይታፈናል፣ ለማንም አይመልስም። እናንተ ጋ "ሲስተም የለም" ይላል።

ለዚህ መፍትሔ ብለን ያደረግነው፣ መላክ ያቃተው ማሽን 2 ሰከንድ ይጠብቅ፣ ካልሆነ 4፣ ካልሆነ 8፣ እንዲህ እያለ በእጥፍ ይጨምር ነበር። ጥሩ ይመስላል። ግን 300ውም እኩል 2 ሰከንድ ጠብቀው እኩል ተመልሰው ይመጣሉ፣ ከዚያም እኩል 4 ሰከንድ ጠብቀው እንደገና። ስለዚህ ጥበቃው በእጣ መሆን አለበት አልን። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ቁጥር አውጥቶ አንዱ 1 ሰከንድ፣ ሌላው 3 ሰከንድ ተኩል ይጠብቅ። 300 ማሽን በ60 ሰከንድ ውስጥ ከተበተነ በሰከንድ 5 ብቻ ነው የሚደርሰው። እሱን የእኛ ትንሽ ሰርቨር እየዘፈነ ይችለዋል።

ይህን ካደረግን በኋላም "ሲስተም የለም" አልጠፋም። ሦስት ወር ፈለግኩት። የኢንተርኔት ሰዎችን ጠየቅኩ፣ ሰርቨሩን ቀየርኩ፣ ገንዘብ አወጣሁ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ሁለት ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሶኬታቸውን አንድ ላይ ነቅዬ አንድ ላይ ሰካሁ። ሁለቱም ያወጡት እጣ አንድ ዓይነት ሆነ። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ነው፣ ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም። ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር በተለመደው መንገድ የሚያወጣው የዘፈቀደ ቁጥር እውነተኛ ዘፈቀደ አይደለም። መነሻ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ተነስቶ በሒሳብ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ያወጣል። መነሻው አንድ ከሆነ ሰልፉም አንድ ነው። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ መነሻውን የሚወስደው ከማሽኑ ሰዓት ነበር። ብዙዎቹ ማሽኖቻችሁ የሰዓት ባትሪያቸው አልቋል ወይም ከመጀመሪያውም የላቸውም። እንዲህ ያለ ማሽን ሲነሳ ሰዓቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ማሽኑ ኢንተርኔት አግኝቶ ሰዓቱን ከማስተካከሉ በፊት እጣውን አውጥቷል። ሁሉም ታኅሣሥ 23 ላይ ተነስተው ሁሉም አንድ እጣ ያወጣሉ ማለት ነው። እቁብ ላይ በሁሉም ወረቀት አንድ ስም ተጽፎ እንደ መጣል ነው። ዳኛው የቱንም ያህል ቢያናውጠው ዋጋ የለውም።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ ገና እንደበሩ በቂ ዘፈቀደ ሳያገኙ የምስጢር ቁልፍ (መረጃ የሚቆለፍበት ረጅም ቁጥር) ያወጡ ብዙ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው ተገኝተዋል። በእጣ መጠበቅንም እኔ አልፈጠርኩትም። በ1971 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደሴቶቹን በሬዲዮ ሲያገናኙ፣ ሁለት መልእክት አየር ላይ ሲጋጭ ሁለቱም በዘፈቀደ የተለያየ ጊዜ ጠብቀው እንዲልኩ አደረጉ። ኢተርኔት የሚባለው የኬብል ኔትወርክም ይህንኑ ተከትሎ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ውሳኔው። አንድ የደንበኛችን ልጅ፣ ሶፍትዌር ይማራል መሰለኝ፣ "ለጥበቃ የሚሆን ቁጥር ማን ይሰርቀዋል? ለምን ከባዱን የባንክ ዓይነት የዘፈቀደ ቁጥር ምንጭ ትጠቀማላችሁ?" ብሎ ጽፎልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ልክም ነው። ለጥበቃ ምስጢር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የአንዱ ማሽን እጣ ከሌላው መለየቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባዱን ምንጭ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንጠቀምም። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ መነሻውን ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሰው ሲስተም፣ ከሊኑክስ፣ የራሱ የዘፈቀደ ምንጭ እንወስዳለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀላሉ ሒሳብ ይሠራዋል።

የማሽኑን መለያ ቁጥር መነሻ ማድረግ ይቀል ነበር። መለያው ለእያንዳንዱ የተለያየ ነው፣ ምንም መጠበቅ አይፈልግም። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬም እንደዚያ እናድርግ ብላ ተከራክራኛለች። እኔ እምቢ አልኩ። ምክንያቱም መለያው አይቀየርም። መጥፎ ቁጥር የደረሰው ሱቅ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆናል። ያኔ "ታዳላላችሁ" ብትሉኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን እጣው በየቀኑ አዲስ ነው፣ ዛሬ የዘገየ ነገ ይቀድማል። አዳላህ የሚለው ቃል ያመመኝ ለዚህ ነው። ይህን መንገድ የመረጥኩት ላለማዳላት ብዬ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ሊኑክስ ዘፈቀደውን የሚሰበስበው ማሽኑ ውስጥ ከሚፈጠሩ ጥቃቅን የጊዜ ልዩነቶች ነው፣ በቂ እስኪሰበስብ ድረስ ቁጥር አይሰጥም። አዲሶቹ ማሽኖች በጥቂት ሰከንድ ያልፉታል። አሮጌዎቹ ላይ ግን ሲነሱ ከደቂቃ በላይ የቆሙ አሉ። ይህን ቢሯችን ውስጥ አላየነውም፣ ምክንያቱም የሞከርነው በአዲስ ማሽን ነው። እዚህ ላይ የተናደዳችሁት በእውነት ነው።

"ትልቅ ሰርቨር ግዛና ገላግለን" ያላችሁኝ አላችሁ። የሰርቨር ኪራይ የምከፍለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ብዙ ድርጅቶች በማግስቱ ነው ዋጋ የጨመሩት። እኔ ስድስት ወር ከኪሴ ሸፍኜ ነው አንድ ጊዜ የጨመርኩባችሁ። መብራት ከመጣ በኋላ ላሉት አምስት ደቂቃዎች ብዬ ሙሉ ወር ሥራ ፈትቶ የሚቆም ሰርቨር ብከራይ ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ እናንተ ጋ ነው የሚመጣው። አንድ ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

"ተጨማሪ ልክፈልና የእኔን አስቀድምልኝ" ያላችሁኝም አላችሁ። አልቀበልም። የአጠና ተራው አናጢና የቦሌው ትልቅ ሱቅ እዚህ ወረፋ ላይ እኩል ናቸው። "አሁን ላክ" የሚለውን ቁልፍ ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። መብራት እንደመጣ ሁሉም ሰው እሱን ይጫናል፣ ማሽኖቹ የበተኑትን ሰልፍ ጣቶቻችን መልሰው ይሰበስቡታል።

ሥራውን የጀመርኩት በ2005 ዓ.ም. መርካቶ፣ የአጎቴ መለዋወጫ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። አጎቴ ሽያጩን በደብተር ነበር የሚይዘው። ማታ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ሁለታችንም እራት ሳንበላ እናመሻለን። የመጀመሪያውን ፕሮግራም የጻፍኩት ለእሱ ነው። ከዚያ ጎረቤቱ ፈለገው፣ ከዚያ የጎረቤቱ ወንድም። ብዙዎቻችሁን በእግሬ እየዞርኩ ነው ማሽን የተከልኩላችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥቻለሁ፣ ልጆቻችሁን አውቃለሁ። ዋሽንግተን ሆኖ አዋሬ ያለውን ሱቁን ሽያጭ በስልኩ የሚያይ ደንበኛ አለኝ፣ እዚያ ሌሊት ተነስቶ ነው የሚያየው። በዚህ ሁሉ ዓመት የአንድ ደረሰኝ መረጃ ጠፍቶብን አያውቅም። "በመጠበቅ ላይ" ሲልም ሽያጩ ማሽኑ ላይ ተመዝግቦ ተቀምጧል፣ የትም አይሄድም።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የሚደርሳችሁ አፕዴት ሲነሳ መቆሙን ያስቀረዋል። ማሽኑ አንዴ ከተነሳ በኋላ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን መነሻ ቁጥር አውጥቶ ወዲያው ያስቀምጣል። ሲጠፋ እንዳናስቀምጥ መብራት ሳይነግረን ነው የሚሄደው። ሲነሳ ያስቀመጠውን ከመለያ ቁጥሩ ጋር ቀላቅሎ ይጀምራል፣ ሌላ አዲስም ያስቀምጣል። ሳይቀላቀል ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉንም ማሽን ከአንድ ሚሞሪ ካርድ ኮፒ አድርገን ስለምንጭን፣ የተቀመጠው ቁጥር አብሮ ከተገለበጠ አሁንም ሁሉም አንድ እጣ ባወጡ ነበር። ረጅሙ ቆይታ የሚኖረው አፕዴቱ በገባበት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው።

በእጣ መጠበቁ ግን ይቀጥላል። ጥበቃው መጀመሪያ ከ0 እስከ 2 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ እስከ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ በመጨረሻ እስከ 60። መጥፎ እጣ ብቻ ቢደርሳችሁ እንኳ የስድስቱ ጥበቃ ድምር ከ122 ሰከንድ አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ግማሽ ነው።

ለመልቀቅ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። መረጃችሁ የእናንተ ነው፣ ስትፈልጉ ሙሉውን ገልብጬ እሰጣችኋለሁ፣ ክፍያ የለውም። ግን ከሰኞው አፕዴት በኋላ አንድ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ብቻ እንድታዩት እለምናችኋለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር አደራ። "በመጠበቅ ላይ" ሲል ማሽኑን አጥፍታችሁ አታብሩት። እንደገና ተነስቶ እስኪዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜ ከጥበቃው ይበልጣል። አሮጌ ማሽን ያላችሁ ደግሞ የሰዓት ባትሪውን በነፃ እቀይርላችኋለሁ፣ ከረቡዕ ጀምሮ በየተራ እየመጣሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት