ልጄ፣ ስለ ቤተሰባችን በሽታ ልንገርሽ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ በርትቷል።

በስልክ የጀመርኩልሽ ነገር እናትሽ ስታለቅስ ተቋረጠ። በጽሑፍ ሳይሻል አይቀርም፤ ደጋግመሽ ታነቢዋለሽ።

አያትሽ ያረፈችው በአንጀት ካንሰር ነው። አክስትሽ ደግሞ ሃምሳ ሳይሞላት በማህፀን ካንሰር። ሄርማታ ያሉ ጎረቤቶች «ቡዳ በልቷቸው ነው» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። ነገሩ የተገለጠው ከእኔ አንጀት የወጣው እጢ ሲመረመር ነው። ሊንች ሲንድሮም ይባላል፤ በዘር የሚወረስ፣ ለካንሰር የሚያጋልጥ ችግር ነው።

ሴሎቻችን ሲባዙ ዲኤንኤያቸውን፣ ማለትም በውስጣቸው የተጻፈውን የአሠራር መመሪያ፣ ይገለብጣሉ። ከእናትም ከአባትም የመጣው ተደምሮ ስድስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው፤ ስህተት አይጠፋውም። ደግነቱ ስህተቱን ለቅሞ የሚያርም አራሚ በየሴሉ አለ። ፖል ሞድሪች የተባለው ሳይንቲስት ይህን አሠራር በማጥናቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። እኔ ከእናቴ የወረስኩት ኤምኤስኤች2 የሚባለው የአራሚው ዘረመል ብልሽት አለበት። ከአባቴ የመጣው ደህናው ቅጂ ለብቻው ሥራውን ይሠራል። አንድ ሴል ውስጥ እሱም ከተበላሸ ግን ስህተቱ ይከማቻል። ካንሰሩ የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ከሁሉም በላይ በትልቁ አንጀትና በማህፀን።

አንቺ የመውረስ ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድምሽም እንዲሁ። አንዳችሁ መውረሳችሁ ሌላውን አያድንም። ካልወረስሽው ለልጆችሽም አታስተላልፊውም። ብትወርሺውም ታመሻል ማለት አይደለም፤ አደጋው ከሌላው ሰው በብዙ ይበልጣል ማለት ነው።

«ይሄ ከተሰማ ማን ያገባታል?» የሚሉ ዘመዶች አሉን። ልጄ፣ እነሱን አትስሚ። አክስትሽ ደም ሲፈሳት «የዕድሜ ነው» እያለች ለማንም ሳትናገር ከረመች። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ዝምታው ነው የወሰዳት ብዬ አምናለሁ። የማህፀን ካንሰር ቶሎ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ከወር አበባ ውጪ ደም ካየሽ አንድ ሳምንት እንኳ አትቆዪ።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው የዘረመል ምርመራውን ነው። ከደም ወይም ከምራቅ ይሠራል። ካለብሽ፣ እንደ እኔ ዓይነቱ ብልሽት ላለበት ሰው ኮሎኖስኮፒ ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። አንጀት ውስጥ በካሜራ እያዩ ትንንሾቹን እብጠቶች ካንሰር ሳይሆኑ ቆርጠው ያወጧቸዋል። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን አያትሽ ይህን ብታገኝ ኖሮ ስትዳሪ ታይ ነበር።

የእኔን ውጤት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ለሐኪሙ አሳዪው፤ የትኛው ዘረመል እንደተበላሸ ካወቀ ፍለጋው ይቀልለታል። ወንድምሽን አንቺው አሳምኚው፣ እኔን አይሰማም። ስለ ወጪው አታስቢ፣ እኔ አለሁ። ቀጠሮ እንደያዝሽ ደውዪልኝና አዲስ አበባ እመጣለሁ፤ አብሬሽ እገባለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ