ቁም ሣጥን አይደለም፣ ባኞ ቤት ነው

ለአዘጋጁ፣

«ዘመናዊ ቤት በመኝታው ቁጥር ልክ ባኞ ቤት ሊኖረው ይገባል» የሚለውን ዘገባችሁን አነበብነው። ሻጩ ተናግሯል፣ የውስጥ ማስዋብ ባለሙያዋ ተናግራለች፣ ገዢዎቹም ተናግረዋል። ቱቦውን የሚዘረጋው ሰው ግን አንድም ነገር አልተጠየቀም። ጨርሶ ተረሳ እንዳንል ደግሞ መጨረሻው አንቀጽ ላይ «ጥራት የጎደለው የቧንቧ ሥራ» ተብሎ ተነሥቷል። እግዜር ይስጥልን።

ሌላውን እንለፈውና አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንያት። በ60 ካሬ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ባኞ ቤት «ከቁም ሣጥን የማይበልጥ ቦታ» ነው የሚወስደው ትላለች። ሜትር ይዘን እንለካዋ! የሽንት ቤት መቀመጫው፣ ላቫንዲኖውና ሻወሩ ሳይጋፉ የሚገቡበት ትንሹ ክፍል ውስጡ 1.20 በ2.10 ሜትር ነው፤ 2.52 ካሬ። ክፍሉ ጥግ ይዞ ሁለት ግድግዳ ብቻ ቢጨመርለት እንኳ ባለ 10 ብሎኬቱ ከነልስኑና ከነሴራሚኩ 15 ሴንቲ ይደርሳል፤ ስለዚህ የሚበላው ቦታ 1.35 በ2.25፣ ማለትም 3 ካሬ ከምናምን ይሆናል። ቱቦው የሚወርድበት ሻፍት 60 በ80 ሴንቲ ሲሆን ሌላ ግማሽ ካሬ ጨምሩ። 3.5 ካሬ መጣ፤ ከ60ው ወደ 6 በመቶ። ወርዱ 1.80፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ የሆነ ቁም ሣጥን ደግሞ 1.08 ካሬ ነው። የዘጋቢያችሁ ቁም ሣጥን የቤተ መንግሥት ካልሆነ በቀር፣ ሦስቱ ተደርድረው ገና ቦታ ይተርፋል።

ደግሞም ባኞ ቤት ቁም ሣጥን ስላልሆነ ባዶ ጥግ በተገኘበት አይቆምም። ባወጣችሁት ፕላን ላይ ሁለተኛው ባኞ ቤት ከማስተር መኝታው ጋር ተለጥፎ ከሻፍቱ 5 ሜትር ያህል ርቋል። የመቀመጫው ቱቦ ባለ 110 ሚሊ ነው፤ ቆሻሻው መንገድ ላይ እንዳይቀር በሜትር 2 ሴንቲ ተዳፋት እንሰጠዋለን። በ5 ሜትር 10 ሴንቲ ማለት ነው። የቱቦው ውፍረት 11፣ ሊሾና ሴራሚኩ 5፤ ባጠቃላይ 26 ሴንቲ። ከሶሌታው (ከፎቁ የኮንክሪት ወለል) በላይ ካስኬድነው ባኞ ቤቱ አንድ ደረጃ ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ከሶሌታው በታች ካስኬድነው በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ውስጥ እናልፋለን፤ ጎረቤትም የላይኛውን ቤተሰብ የጠዋት ፕሮግራም በቀጥታ ሥርጭት ይከታተላል። ሁለቱንም ያልወደደ አሠሪ «ተዳፋቱን ቀንሱት» ይላል፤ ያኔ ውሃው ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። «ወደ 75 አጥብቡት» የሚልም አለ። በዓመቱ ሲደፈን ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ከዘገባችሁ አንብበናል።

ስለ ማፍሰስም ጽፋችኋልና ይሄም ይታወቅ። ሴራሚክ ውሃ አያግድም፤ በመገጣጠሚያው ያሳልፋል። የሚያግደው ከሥሩ የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው የውሃ መከላከያ ነው። እሱም ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ፣ ሻወሩ ጋ እስከ 2 ሜትር መውጣት አለበት። ከዚያ መውረጃዎቹ ተወትፈው ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ውሃ ይሞላና 48 ሰዓት ይቆያል፤ ከታች ካልረጠበ ብቻ ሴራሚክ ይነጠፋል። ሴራሚክ ሠሪው በር ላይ ቆሞ፣ ፎርማኑ እየጮኸ፣ 48 ሰዓት የሚታገሥ ሳይት ስንት ነው? ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚሰርገው ደግሞ በወለሉ መሃል ሳይሆን ቱቦ ሶሌታውን በበሳበት ዙሪያ ነው። አንድ ባኞ ቤት ሶሌታውን ሦስት አራት ቦታ ይበሳል። ለሁለት ባኞ ቤት ራሳችሁ አባዙት።

ከሁሉም ያሳቀን ግን «ውሃ ሲጠፋ ሁለተኛው መጠባበቂያ ይሆናል» የሚለው ነው። ወንድሞቼ፣ ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ቆጣሪና ከአንድ ሮቶ ነው! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለተኛው ባኞ ቤት በሴራሚክ የተለበጠ የጄሪካን ማስቀመጫ ነው የሚሆነው። ውሃ ባለበት ቀንም ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው። ለአንድ ሻወር እንኳ ደካማ ነው፤ ሁለቱ እኩል ከተከፈቱ ሁለት ሰው ሳሙና እንደተቀባ ይቆማል። ፓምፕ ይፈታዋል፣ መብራት እስካለ ድረስ። ሁለት ቦይለር በ1500 ዋት 3 ኪሎዋት ነው፤ በዚያው ሰዓት ማእድ ቤት ምጣድ ከተጣደ ብሬከሩ ይወርዳል፤ እንጀራውም ገላውም በአንድ ላይ ይቀራል።

ታዲያ ስንት ይብቃ? ጠዋት ቤተሰብ የሚሰለፈው ለሻወር አይደለም፤ አንዱ ገላውን ሊታጠብ ገብቶ መቀመጫውንም አብሮ ስለቆለፈበት ነው። ስለዚህ እስከ ሁለት መኝታ ላለው ቤት አንድ ባኞ ቤት ይበቃል፣ ግን ተከፍሎ። 90 ሴንቲ በ1.40 ለመቀመጫው፣ 90 በ1.40 ለሻወሩ፣ መሃሉ ግድግዳ፤ የሁለቱ ውስጥ ሲደመር ያው 2.52 ካሬ ነው። ላቫንዲኖው ወደ ኮሪደር ይውጣ። ያኔ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይገለገላል፤ ለምሳ የመጣ እንግዳም እጁን ለመታጠብ የባለቤቱ ፎጣና የውስጥ ልብስ በተሰቀለበት አያልፍም። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ይመታል። ሁሉም በአንድ ሻፍት ላይ፣ ከማእድ ቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ። ሦስት መኝታ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ደጋግመው የሚነሡ ትልቅ ሰው ካሉ፣ ሁለተኛ መቀመጫ ቢጨመር አንቃወምም። ሻፍቱን ተጠግቶ።

ዘገባውን አምነው ሁለት ባኞ ቤት ያለው ቤት ለገዙ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የማትገቡበት ባኞ ቤት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሸታል። ሲፎኑ (ከመውረጃው ሥር ያለው ቆልማማ ቱቦ) ውስጥ ሽታውን የሚያግድ 5 ሴንቲ ያህል ውሃ አለ፤ በበጋ ተንኖ ያልቃል፣ የፍሳሹ አየር ሰተት ብሎ ይገባል። የተበላሸ ነገር የለም። በየሁለት ሳምንቱ ወለሉ ላይ ባለው መውረጃ 2 ሊትር ውሃ አፍስሱበት፤ ራቅ ወዳለ አገር የምትሄዱ ከሆነ በላዩ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ጣል አድርጉበት፣ ውሃው ቶሎ አይተንም። ለዚህ እኛን መጥራት አያስፈልግም። ከጠራችሁን ግን የታክሲ እናስከፍላለን።

የሳኒተሪ ሠራተኞች
አዲስ አበባ