ለቅዳሜው የወንጪ ጉዞ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነስተን በወሊሶ በኩል እንሄዳለን። ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የባሰ ይበርዳል። ጃኬትና ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ።

ሰው የሚሳሳተው ቁልቁለቱ ላይ ነው፦ ቀለለኝ ብሎ ይሮጥና ጉልበቱን ይጨርሳል። ዳገቱ የሚጠብቀው ግን ሲመለስ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ነው። ለደከመው የሚከራይ ፈረስ አለ፤ ዋጋውን ኮርቻ ላይ ሳትወጡ ተስማሙ።

ደሴቱ ላይ ወዳለው የቂርቆስ ገዳም በጀልባ የምንሻገረው ከቀትር በፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሳ ይችላል። እህቶች፣ ነጠላ አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል (ይገባታልም)፤ ስለዚህ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።