በበዓል ሰሞን ለሚያገለግሉን ሰዎች ምስጋና

ውድ አባላት፣

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ ስጦታና የምስጋና ካርድ የምትሰጧቸውን ሰዎች የስም ዝርዝር ያዙ፦ ቆሻሻ የሚያነሱት፣ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዕቃ የሚያደርሰው፣ የልጆች ሰርቪስ ሹፌሩና ረዳቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው የሌሊት ተረኛው ነው፤ ዓይን ውስጥ አይገባማ! ስማቸውን ካላወቃችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ «ለጥበቃው» የሚል ፖስታ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

የምትሰጡት ገንዘብ ከሆነ በታሸገ ፖስታ ይሁን፣ በቡድን ለሚሠሩት ደግሞ ለየራሳቸው። ለአንዱ ሰጥቶ «ተካፈሉት» ማለት ቅሬታ ያመጣል። ጥሬ ገንዘብ መቀበልን የሚከለክሉ ቀጣሪዎች ስላሉ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አለዚያ ሰውየውን ከአለቃው ጋር ታጣሉታላችሁ። ቤት የተሠራ ምግብ ባይሆን እንመርጣለን፤ ጾም ወይም አለርጂ ሊኖር ይችላል፣ ቀኑን ሙሉ ይዞት ሲዞርም ይበላሻል።

ካርዱን ልጆች ይጻፉት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ግን «እናመሰግናለን» ብቻ አይሁን፤ «በዝናብ ቀን ዕቃውን ደጃፍ ድረስ ስላስገቡልን» ዓይነት ነገር ይግባበት።

ፖስታውን ቆሻሻ መጣያው ላይ ለጥፋችሁ አትሂዱ፤ ይረጥባል ወይም ሌላ ሰው ያነሳዋል። ከበዓሉ ሦስት አራት ቀን ቀድማችሁ እጅ በእጅ ስጡ፤ በዋዜማው ፈረቃ ሊቀያየር ይችላል።