አንጀቱን ያወጡት ሰው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

እዚህ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ ዘመድ ሲመጣብን የት እንወስደዋለን? ገበያ፣ ድልድዩ፣ በቃ። እኔ ግን ባለፈው እናቴን ቀራጹ ኦሲፕ ዛድኪን ወደ ሠራው ሐውልት ወሰድኳት። ስሙ «የወደመችው ከተማ» ነው።

ትልቅ የነሐስ ሰው ነው። ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይጮኻል። መሀል አካሉ ክፍት ነው፤ በቀዳዳው ሰማዩ ይታያል። እናቴ ታሪኩን ሳልነግራት በፊት፣ «ውይ፣ አንጀቱን አወጡት!» አለች። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የከተማዋን መሀል በሩብ ሰዓት ገደማ አወደሙት። 80,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ዛድኪን ከጦርነቱ በኋላ በባቡር ሲያልፍ ባዶውን አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ተመረቀ።

እናቴ ብዙ ቆመች። የየካቲት 12 ሐውልትን አስታወሳት። ስድስት ኪሎ ስትማር በየቀኑ ታልፈው ነበር፤ የተቀረጹትን ምስሎች ግን ቆማ አይታቸው አታውቅም። ስትመለስ መጀመሪያ እዚያ እንደምትሄድ ነገረችኝ።

ስለ ዛድኪን ሐውልት በጋዜጣችሁ ጻፉልን። እዚህ ያላችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከባሕር ሙዚየሙ አጠገብ ነው፤ ክፍያ የለውም።

አክባሪያችሁ፣
የሮተርዳም ነዋሪ